ክሊፑን ያየ ሁሉ ፍልሚያውን አላየም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ዩኤፍሲ 300 ምሽት

በዚህ ዕትም የመረጥኳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አንድ ምሽት ናቸው። ዩኤፍሲ 300፤ ዩኤፍሲ ማለት ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የተቀላቀለበትን የኬጅ ፍልሚያ የሚያዘጋጅ የአሜሪካ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 2024፣ ላስ ቬጋስ፣ ቲ-ሞባይል አሬና፣ በአንድ ሌሊት 13 ፍልሚያ። ጊዜው ቢያልፍም ክርክሩ አልበረደም፤ እኔም ገና አልበረደልኝም። ስለዚህ ዳር ዳር ሳልል የሚሰማኝን እጽፋለሁ። ያልተስማማ ይጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ማክስ ሆሎዌይ ጀስቲን ጌይጂን የዘረረበትን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ጓደኞቼ ግን «ይሄ እብደት እንጂ ችሎታ አይደለም፤ እያሸነፈ ምን አስጨነቀው?» ይሉኛል። አንተስ?

መልስ፦ ጓደኞችህ ተሳስተዋል። ለምን እንደሆነ ግን ረዘም አድርጌ ላስረዳህ፤ ምክንያቱም ስለዚያ ምሽት የማስበው ነገር ሁሉ እዚህ ጥያቄ ውስጥ አለ።

ላላዩት ታሪኩን ልናገር። ሁለቱ የተገናኙት ቢኤምኤፍ ለሚባለው ቀበቶ ነው፤ ከክብደት ሻምፒዮንነት የተለየ ልዩ ቀበቶ ነው። ክብደቱ 155 ፓውንድ፣ ማለትም 70 ኪሎ ገደማ። ጌይጂ የዚህ ክብደት ሰው ነው። ሆሎዌይ ግን ስሙን የተከለው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ 145 ፓውንድ ላይ ነው፤ ሻምፒዮን የነበረውም እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 155 ወጥቶ ከደስቲን ፖይሪየር ጋር ሲገጥም ተሸንፏል። ጌይጂ ደግሞ ያንኑ ፖይሪየርን በ2023 ጭንቅላቱን በእርግጫ መትቶ ዘርሮ ነው ቀበቶውን የወሰደው። ስለዚህ ብዙ ሰው «ማክስ እዚህ ክብደት ላይ የጌይጂን ጡጫ አይችለውም» ብሎ ነበር የተቀመጠው።

የሆነው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ዙር ሊያልቅ ሲል ሆሎዌይ ዞሮ በእግሩ ፊቱ ላይ አሳረፈበት። የጌይጂ አፍንጫ ተሰበረ። ክሊፕ የማያሳይህ ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። አፍንጫው የተሰበረ ሰው በአፉ ይተነፍሳል። በአፉ የሚተነፍስ ሰው ቶሎ ይደክማል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ከሩቅ የሚመጣውን ቡጢ ዘግይቶ ነው የሚያየው። ሆሎዌይ ይሄን ያውቃል፤ ግን አልተቻኮለም። ጃብ (ከፊት ባለው እጅ የሚወረወር ፈጣን ቀጥተኛ ቡጢ)፣ ወደ ሆድ እርግጫ፣ ገባ ወጣ፣ ደግሞ ጃብ። ጌይጂም ዝም ብሎ የሚመታ ሰው አይደለም፤ እግር ላይ የሚያሳርፈው እርግጫ ከባድ ነበር፤ አንድ ንጹሕ ቀኝ ቢያገኘው ኖሮ ታሪኩ እንደሚቀየር ሁላችንም እናውቅ ነበር። ግን ያንን ቀኝ ለመወርወር በተዘጋጀ ቁጥር ሆሎዌይ ቦታው ላይ የለም።

ይሄ ሁሉ 24 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነው። ከዚያ አሥር ሰከንድ ቀረ። ሆሎዌይ የኬጁን መሃል በጣቱ አመለከተ። ና፣ እዚሁ እንቁም ማለቱ ነው። ጌይጂም መጣ። ሁለቱም ያላቸውን ሁሉ ወረወሩ። በአምስተኛው ዙር 4፡59 ላይ የሆሎዌይ ቀኝ እጅ አረፈና ጌይጂ በፊቱ ተደፋ። የቀረው አንድ ሰከንድ ብቻ ነበር።

አደጋ ነው ወይ? አዎ፣ ትልቅ አደጋ ነው። ዞር ዞር ብሎ ሰዓቱን ቢጨርስ በነጥብ ያሸንፍ ነበር፤ ሙሉውን ያየ ሰው በዚህ የሚከራከረኝ አይመስለኝም። ግን ያንን ግብዣ ያቀረበው ለማን ነው? አምስት ዙር ሙሉ ሲያደክመው ለቆየ፣ እጁ ከብዶት ለነበረ ሰው ነው። የጌይጂ ፍጥነት ምን ያህል እንደቀነሰ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ደግሞ ነገሩ ያን ቀን የተፈጠረ አይደለም። በ2016 ዩኤፍሲ 199 ላይ ከሪካርዶ ላማስ ጋር ሲገጥምም በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ወለሉን አመልክቶ ቆሞ ተመታትቷል።

እብደት አለመሆኑን ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ ዩኤፍሲ 308፣ ኢሊያ ቶፑሪያ ገና ፍልሚያው ሲጀመር ያንኑ የኬጅ መሃል አመለከተለት። ሆሎዌይ አልሄደም። ሰውየው እብድ ቢሆን ኖሮ ይሄድ ነበር። በሦስተኛው ዙር ተዘርሮ መሸነፉ ሌላ ወሬ ነው። ያልደከመ፣ ያልተጎዳ፣ በአንድ ቡጢ ሰው የሚዘርር ሰው ሲጠራው መልሱ «አይሆንም» ነበር። ስለዚህ ለጓደኞችህ ሙሉውን ፍልሚያ አሳያቸው። አሥሯን ሰከንድ ብቻ ያየ ሰው ፍርድ መስጠት የለበትም።

ለጌይጂም ክብር ይገባዋል። አፍንጫው ተሰብሮ፣ በነጥብ ተበልጦ፣ ሲጠሩት መጣ። ለእሱ የቀረው መንገድ እሱ ብቻ ነበር፤ መንገዱን ደግሞ ሳያመነታ ሄደበት።

ጥያቄ፦ አሌክስ ፔሬራ ጃማሃል ሂልን ሲመታ ዳኛው ሊያስቆም ገብቶ ነበር። ፔሬራ በእጁ ከለከለው። ይሄ ይፈቀዳል? ለሂልስ ፍትሐዊ ነው?

መልስ፦ ይፈቀዳል፤ ለሂልም ፍትሐዊ ነው። የሂል እርግጫ ፔሬራን ብልቱ አካባቢ ነካው። ዳኛው ሄርብ ዲን ጠጋ አለ። በሕጉ እንዲህ የተመታ ተፋላሚ እስከ አምስት ደቂቃ ማረፍ ይችላል። ፔሬራ ግን እጁን ዘርግቶ «ተወው፣ ደህና ነኝ» አለ። ዳኛው ሰዓቱን እስካላስቆመ ድረስ ፍልሚያው ቀጥሏል ማለት ነው። ሂልም ቀጥሎ ነበር። ወዲያው ግራ ሁክ (እጅ ታጥፎ ከጎን የሚመጣ ቡጢ) መጣ፣ ሂል ወደቀ፣ በመጀመሪያው ዙር 3፡14 ላይ አለቀ።

እዚህም ላይ ክሊፑ ያታልላል። ሰው የሚያየው ያንን እጅና ያንን ግራ ሁክ ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን ሦስት ደቂቃዎች መልሰህ እያቸው። ፔሬራ አይሮጥም፣ አይዘልም። በትንንሽ እርምጃ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ባት ላይ ይረግጣል፣ ሰውየው ቀስ በቀስ ወደ አጥሩ ይጠጋል። ሂል ሳያውቀው ቦታ አልቆበታል። የምትገርመኝ ነገር ደግሞ አለች፤ ያ ግራ እጅ ሲወረወር ብዙ ጉልበት የገባበት አይመስልም። ፔሬራ ከኪክቦክሲንግ የመጣ፣ ግሎሪ በሚባለው የኪክቦክሲንግ ውድድር በሁለት ክብደት ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። ርቀት ማወቅ ማለት ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ እሱን ይይ።

ስለ ሂል ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ቀድሞ የያዘውን የሻምፒዮንነት ቀበቶ በሽንፈት አልነበረም ያጣው፤ የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ነው በ2023 ራሱ የለቀቀው። ከእንዲህ ዓይነት ጉዳት በዓመት ሳይሞላ ተመልሶ ከፔሬራ ጋር መቆም ለማንም ከባድ ነው። ትንሽ ቆይቶ፣ ከሌላ ሰው ጋር ጀምሮ ቢመጣ ይሻለው ነበር ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ስፖርቱን በቅርብ ነው ማየት የጀመርኩት። ዣንግ ዌይሊ ያን ሺያዎናንን 49 ለ45 አሸነፈች ተባለ። አምስት ዙር ሆኖ 45 ከየት መጣ? የሴቶቹስ ፍልሚያ ለምን ብዙ አልተወራለትም?

መልስ፦ እህቴ፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። ዙሩን ያሸነፈች 10 ታገኛለች፣ የተሸነፈችው ብዙ ጊዜ 9። ብልጫው በጣም ከሰፋ 8 ይሰጣል። ዣንግ አራት ዙር አሸነፈች፣ 40፤ አንዱን ተሸነፈች፣ 9፤ ድምሩ 49። ያን ሺያዎናን አንድ ዙር አሸነፈች፣ 10፤ ሦስቱን በ9 ተሸነፈች፣ 27፤ አንዱን ደግሞ በ8። ድምሩ 45። ሦስቱም ዳኞች ያንኑ ቁጥር ነው የጻፉት።

ለምን አልተወራለትም ላልሽው፣ መሃል ተቀብሮ ነው። ከፊቱ የሆሎዌይ ዝረራ፣ ከኋላው የፔሬራ ዝረራ። አምስት ዙር የፈጀ ፍልሚያ በሁለቱ መካከል ሲገባ ሰው ትንፋሽ መሰብሰቢያ አደረገው። እኔ ግን ያንን ፍልሚያ በጣም ነው የወደድኩት። ሁለት ቻይናውያን ለዩኤፍሲ ቀበቶ ሲገጥሙ የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ዣንግ ከኋላ አንገቷን ቆልፋ ይዛት ነበር። ያን ሺያዎናን የዳነችው በደወሉ ነው፤ ራሷን የሳተች መስሎን «አለቀ» ያልን ብዙ ነን። እሷ ግን ተነስታ፣ አራት ዙር ተጨማሪ ታግላ፣ አንዱን ዙር ከሻምፒዮኗ እጅ ወስዳ ወጣች። እንዲህ ያለ ጽናት በሠላሳ ሰከንድ ክሊፕ አይገባም። ጊዜ ካገኘሽ ሙሉውን እዪው፣ በተለይ ዣንግ መሬት ላይ ስትሆን ጉልበቷን እንዴት እንደምታሳርፍ፣ ተጋጣሚዋ አንድ እጅ ለማስለቀቅ ስትታገል በሌላ በኩል እንዴት እንደምትቀድማት።

ጥያቄ፦ የኦሊቬራን ድል ቀምተውታል! ሁለት ጊዜ ሳሩኪያንን አንቆ ሊጨርሰው ነበር። ዳኞቹ ዓይን የላቸውም ወይ?

መልስ፦ ኦሊቬራን እኔም እወደዋለሁ። በዩኤፍሲ ታሪክ ተጋጣሚዎቹን በማነቅና በመቆለፍ እጅ በማሰጠት የሚበልጠው የለም። ግን ድሉ አልተቀማም። አንዱ ዳኛ ለኦሊቬራ፣ ሁለቱ ለአርማን ሳሩኪያን 29 ለ28 ሰጡ። ጠባብ ፍልሚያ ነበር፣ ውጤቱም ጠባብ ሆነ።

አንተ የምታስታውሰው ማነቆዎቹን ነው፤ እውነትም አስፈሪ ነበሩ። ሊጨርስ የተቃረበ ማነቆ ለዳኛ ትልቅ ነገር ነው። ግን በማነቆዎቹ መካከል ያሉትን ደቂቃዎች ቁጠራቸው። ሳሩኪያን ከላይ ነው፣ እየመታ ነው፣ ሲያዝ ሳይደናገጥ አንገቱን ያወጣል፣ እንደገና ከላይ ይሆናል። ዙሮቹን አንድ በአንድ ለይቼ ሳያቸው ለእኔም ሁለቱ የሳሩኪያን ናቸው። አርማን ላይ ቅር ያለኝ በሌላ ነገር ነው፤ ወደ ኬጁ ሲገባ የሰደበው መሰለኝ ተመልካች ላይ እጁን ሰነዘረ። ተመልካቹ ቢያበሳጭም ባለሙያ ተፋላሚ እጁ ቲኬት የገዛ ሰው ላይ ማረፍ የለበትም። እንዲህ ያለ ችሎታ ያለው ሰው ስሙ በዚህ ሲነሳ ያናድዳል።

ጥያቄ፦ እኔ እናት ነኝ። የ15 ዓመት ልጄ ይሄን ፍልሚያ ቁጭ ብሎ ያያል፤ አሁን ደግሞ ልማር ይለኛል። አንድ ቀን አብሬው አየሁና ሰውየው ራሱን ስቶ ሲወድቅ ሕዝቡ ሲጮህ ዘገነነኝ። ይሄ ስፖርት ነው ይላሉ?

መልስ፦ እናቴ፣ መዘግነንዎ ትክክል ነው። ጌይጂ ሲወድቅ እኔም መጀመሪያ ጮህኩ፣ ከዚያ ሰውየው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ዝም አልኩ። ይሄን ስፖርት የሚወድ ሰው ሁለቱንም ስሜት ይዞ ነው የሚኖረው።

ስፖርት ነው፤ ሕግም አለው። ዩኤፍሲ በ1993 ዴንቨር ላይ ሲጀመር የክብደት ልዩነት የለም፣ ሕጉ በጣት የሚቆጠር ነበር። ዛሬ ክብደት በደረጃ የተከፈለ ነው፣ ጓንት አለ፣ ዓይን መውጋት፣ ብልት መምታት፣ ማጅራት መምታት፣ በግንባር መምታት፣ መሬት የወደቀን ሰው ጭንቅላት በጉልበት መምታት ክልክል ነው። ሐኪም ኬጁ አጠገብ ይቀመጣል። የተዘረረ ሰው ለተወሰነ ጊዜ እንዳይዋጋ ይታገዳል። ይሄ ሁሉ ግን ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ቡጢን አለስልሶ አያውቅም። የአንጎል ጉዳት እውነት ነው፤ አንዴ በዝረራ ብቻ ሳይሆን በልምምድ ላይ በየቀኑ ከሚያርፉ ትንንሽ ምቶችም ይጠራቀማል።

ስለዚህ ለልጅዎ የምመክረው፣ «አይሆንም» ከማለት ይልቅ ጁዶ፣ ጁጂትሱ ወይም ነጻ ትግል ያስጀምሩት። ጭንቅላቱ አይመታም፣ መውደቅ ይማራል፣ ሲሸነፍ በእጁ መታ አድርጎ ማቆም ይማራል። በዚያው ምሽት የተዋጋችው ኬይላ ሃሪሰን ከጁዶ ነው የመጣችው፤ በ2012 እና በ2016 የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳለች። የዩኤፍሲ የመጀመሪያ ፍልሚያዋን በማነቅ ጨረሰች። አሠልጣኙን ደግሞ ራስዎ ሄደው ይዩት። ታዳጊዎችን ጭንቅላት እያማታ የሚያለማምድ ከሆነ ልጅዎን ይዘው ይውጡ።

ጥያቄ፦ ስለ ኬይላ ሃሪሰን ካነሳህ፣ 135 ፓውንድ እንዴት ወረደች? ጤነኛ ነው?

መልስ፦ እኔን አስፈርቶኝ ነበር። ከዚያ በፊት የምትዋጋው በአብዛኛው 155 ፓውንድ ላይ ነበር፤ 135 ማለት 61 ኪሎ ገደማ ነው። ወደ ዘጠኝ ኪሎ ልዩነት ነው። ክብደት ስትለካ ፊቷ የገባ፣ ዓይኗ የጎደጎደ ሆኖ ሳየው ደስ አላለኝም። በማግስቱ ግን ሆሊ ሆልምን እንደፈለገች አንስታ ጥላ በሁለተኛው ዙር አንቃ እጅ አሰጠቻት። ሆልም ማለት በ2015 ሮንዳ ራውዚን በእርግጫ የዘረረች ሴት ናት፤ ያን ምሽት 42 ዓመቷ ነበር። ድሉ ድል ነው። ሰውነትን እንዲህ አድርቆ ማውረድ ግን በዚህ ስፖርት ውስጥ ከቡጢው እኩል የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነው፤ ፈሳሽ ያጣ አካል ጭንቅላት ሲመታ አደጋው ይብሳልና። በሴቶች መካከል ተጨማሪ የክብደት ደረጃ ቢኖር ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ጥያቄ፦ ሆሎዌይ በአንድ ምሽት 600 ሺህ ዶላር ቦነስ አገኘ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ቦነሱ በወቅቱ እንደነበረው 50 ሺህ ሳይሆን ለዚያ ምሽት 300 ሺህ ተደረገ። ሆሎዌይ ሁለት ወሰደ፤ አንዱን ከጌይጂ ጋር ለምሽቱ ምርጥ ፍልሚያ፣ አንዱን ለራሱ ብቃት። ጌይጂም 300 ሺህ አግኝቷል፣ ይሪ ፕሮሃስካም እንዲሁ።

ደስ ብሎኛል፤ ግን ጥያቄ ይጭርብኛል። ያን ምሽት 300 ሺህ መስጠት ከተቻለ በወቅቱ ሌላው ጊዜ 50 ሺህ ላይ ቆሞ የነበረው ለምንድን ነው? ተፋላሚዎች ስለ ክፍያቸው ያቀረቡት ክስ በ375 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ነው የተዘጋው፣ ያውም ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ። ቅሬታቸው ባዶ እንዳልነበር ለእኔ ይሄ በቂ ነው። የመጀመሪያውን ፍልሚያ የሚያደርገው ልጅም የሚሰበረው አፍንጫ ያው ነው። ቦነስ ጥሩ ነገር ነው፣ መሠረታዊ ክፍያው ከፍ ቢል ግን ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ጂም ሚለር በ100፣ በ200 እና በ300 ተዋግቷል የሚሉት ትክክል ነው?

መልስ፦ ትክክል ነው። 2009፣ 2016 እና 2024። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አሸንፏል፣ በሦስተኛው በቦቢ ግሪን በነጥብ ተሸንፏል። ፊቱ ደም በደም ሆኖ እስከ መጨረሻው ደወል ወደ ፊት ነበር የሚሄደው። ቀበቶ ይዞ አያውቅም፤ ለእኔ ግን ከብዙ ሻምፒዮኖች በላይ ነው።

ጥያቄ፦ በዚያ ምሽት የማትስማማበት አንድ ነገር ንገረን ብልህስ?

መልስ፦ የፍልሚያዎቹ ቅደም ተከተል። ቦ ኒካል ከኮዲ ብራንዴጅ ጋር ዋናው ፕሮግራም ላይ ሲገባ፣ የቀድሞው ሻምፒዮን ፕሮሃስካ ከአሌክሳንዳር ራኪች ጋር ከዚያ በፊት ባለው ዝርዝር ውስጥ ተቀመጠ። ኒካል ጥሩ ልጅ ነው፤ በኮሌጅ ትግል ሦስት ጊዜ የአሜሪካ ሻምፒዮን ነበር፣ ያን ምሽትም በሁለተኛው ዙር አንቆ አሸንፏል። ድርጅቱ ወደፊት ኮከብ እንዲሆንለት ስለፈለገ እንደገፋው ይገባኛል። ግን ያ ቦታ በሥራ የሚገኝ እንጂ ለወደፊቱ ተብሎ የሚሰጥ መሆን የለበትም። ፕሮሃስካ የመጀመሪያውን ዙር እግሩን እየተመታ ከርሞ በሁለተኛው ራኪችን ጨረሰው፤ ከአራቱ ቦነሶች አንዱም የእሱ ሆነ። ያንን ፍልሚያ እስካሁን ያላያችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ፈልጋችሁ ከመጀመሪያው ደወል ጀምሩት።